ከጥግ ሦስተኛው ምሰሶ

ሐሙስ፣ ከጂንካ መነሣት

ከጂንካ የተነሣሁት አንድ ጠርሙስ የምስጥ መድኃኒት በፌስታል ጠቅልዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ ስለ እኔ ብልህነት የተሳሳተ ግምት እንዳይዝ ብዬ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እህቴ ታደለች ከወይጦ ደወለች። "አባዬ በደንብ ከበላ አምስት ቀኑ ነው" አለችኝ። "ውሃም በግድ ነው የምግተው። ላጎርሰው ስል ጣቴን ነከሰኝ። ደግሞ ነጋ ጠባ 'ምስጥ ገባ፣ ምስጥ ገባ' ነው። ምሰሶ ያንኳኳል፣ ይጮሃል። እኔ በቃኝ ቲቸር። መጥተሽ የምታደርጊውን አድርጊ።" ታደለች ታላቄ ናት። መምህርት ከሆንኩ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ደስ ሲላትም ሲከፋትም "ቲቸር" ነኝ።

አባታችን ማርቆስ አናጢ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ወይጦ ሰፈረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆሙት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹን የሠራ እሱ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የመርሳት በሽታ ያዘው። መጀመሪያ የመሣሪያዎቹ ስም ጠፋው፣ ከዚያ የጎረቤቶቹ፣ በመጨረሻም የእኛ። ታደለችን "እሜቴ" ይላታል፤ እኔን ምንም አይለኝም። ሰፈሩ "ማርቆስ ጃጀ" ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ጂንካ የማስተምረው ባዮሎጂ ነውና ቃሉን አልወደውም። "ጃጀ የሚባል በሽታ የለም" እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አስረድቻለሁ።

ስለዚህ ታደለች ስትደውል እኔ ከሁሉም የተሻልኩ መሰለኝ፤ አባቴን አመንኩታ። ምስጥ ለወይጦ ሰው ቅዠት አይደለም። ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ዱቄት ሆኖ አንድ ቀን ቤቱ ይዘማል። አባቴ ዕድሜ ልኩን የታገለው ከዚህ ጋር ነው። ምስጡ ከጠፋ ይረጋጋል፣ ሲረጋጋ ይበላል ብዬ አሰብኩ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጉዞውን ዓላማ በቁጥር ጻፍኩ፦ አንድ፣ ምስጡን መግደል፤ ሁለት፣ አባዬን ማብላት።

ሚኒባሱ ሞልቶ ከመናኸሪያ ሲወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና በከተማው መሃል የተዘረጋው የድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ከብቶች በውሃው መሃል ይግጣሉ። የምስጥ መድኃኒቱን እግሮቼ መሃል አቆምኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው "ልጄ፣ ምን ልትገድይ ነው?" አሉኝ። በዝርዝር አስረዳኋቸው። ቀይ አፈር እስክንደርስ ተኝተው ነበር።

ቀይ አፈር፣ ሦስት ሰዓት

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ሾፌራችን ተጨማሪ ገበያተኛ ለማምጣት ወደ ጂንካ ሊመለስ ፈልጎ ሁላችንንም አወረደን። ወደ ወይጦ የሚሄድ መኪና እስኪገኝ ሦስት ማንጎ በሃምሳ ብር፣ አንድ ብርጭቆ ማር ደግሞ ለአባቴ ገዛሁ። ቀዩ አፈር በዝናቡ ጭቃ ሆኖ ጫማ ይይዛል። ከላይ በኩል ማሽላ፣ ቅቤና ቅል፤ ከታች በኩል ፍየልና በግ ይሸጣል። ቁልቁል ወረድኩ።

አንድ የፀማይ ሽማግሌ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን በአንድ እጅ አንጠልጥለው ፍየል ይመርጣሉ። ሥጋዋን አልነኩም። ከንፈሯን ገልጠው ጥርሶቿን አዩ፣ ድዷን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ ከዚያ ትተዋት ሄዱ። ተከተልኳቸው።

"አባባ፣ ዕድሜዋን ነው ያዩት?"

"ዕድሜም ታያለህ፣ ድድም ታያለህ" አሉኝ፤ በአማርኛቸው ሴትም ወንድም "አንተ" ነው። "ይሄ ፍየል አፉ ታሟል። ሣር ፊቱ አለ፣ አይበላም። ሰው 'ይሄ ሰነፍ ፍየል' ይላል። ሰነፍ አይደለም። አፉ ነው።" ከዚያ ደብተሬን አዩና ሳቁ። "አንተ አስተማሪ ነህ አይደል? አስተማሪ ፍየል አይገዛም፣ ይጠይቃል ብቻ!"

ለዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ብዬ ጻፍኩት። አባቴ ትዝ አላለኝም።

ወይጦ፣ ስድስት ሰዓት

በአይሱዙ ጋቢና ነው የወረድኩት። ከቀይ አፈር በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዛፉ ያጥራል፣ ግራሩ ይበዛል። ወይጦ ስንደርስ አስፋልቱ ይጋረፋል።

ታደለች በመንገድ ዳር በአባታችን ቤት የፊት ክፍል ምግብ ትሸጣለች። ለሾፌሮች ጥብስ እያቀረበች በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ። ገና ስገባ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሸተተኝ። ምስጥ እንዲሸሽ ብላ የምሰሶዎቹን ሥር ሁሉ ቀብታዋለች።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል፤ የአንገቱ አጥንት ወጥቷል። ሰላም ስለው ቀና አላለም። ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለቴ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ምስጥ ገብቷል" አለ።

"የት ጋ አባዬ?"

"በግራ በኩል። ከታች። ከጥግ ሦስተኛው።" ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፤ ሠራተኛ የሚያዝበት ድምፅ። "እሱ ከሄደ ሁለቱም ይከተላሉ።"

ተደሰትኩ። ይህን ያህል ግልጽ መልስ ከሰጠኝ ዓመት ያልፋል። አካፋ ይዤ ወጣሁ። በግራ በኩል ከጥግ ሦስተኛውን ምሰሶ ቆጥሬ ሥሩን ቆፈርኩ፣ በቢላ ወጋሁት። ደረቅና ጠንካራ ነው። ከውስጥ ግራ የሆነው ከውጭ ቀኝ ይሆናል ብዬ በሌላውም በኩል ቆፈርኩ። እሱም ደህና ነው። ታደለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ጉድጓዶቹን አየች።

"ቤቱን ልትቀብሪው ነው?"

"ትክክለኛውን ምሰሶ ካገኘሁት..."

"እኔ አሥራ ስምንቱንም አይቻለሁ። ምስጥ የለም። ጃጅቷል ቲቸር። አትድከሚ።"

ተመልሼ ገባሁ። አባቴ አሁንም ያንኳኳል። ግድግዳውን ሁለቴ፤ አዳመጠ። የአልጋውን እግር ሁለቴ፤ አዳመጠ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ የራሱን የግራ መንጋጋ ሁለቴ አንኳኳና ፊቱን አጨማደደ።

ይህን ሲያደርግ ባለፈው በዓልም አይቼዋለሁ። እንዲያውም ለታደለች "ያው ድግግሞሽ የበሽታው ጠባይ ነው" ብዬ አስረድቼያት ነበር። አሁን ግን የፍየል መራጩ ሽማግሌ አውራ ጣት ፊቴ ድቅን አለ።

ጣቴን ማር ውስጥ ነከርኩ። "ይነክስሻል" አለች ታደለች። ከንፈሩን ቀባሁት፤ ሲልስ ቀስ ብዬ ከንፈሩን ገለጥኩ፣ በሌላ እጄ የስልኬን መብራት አበራሁ። ከአፉ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰኝ። ድዱ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል። በጥርሶቹና በድዱ መሃል ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። በታችኛው መንጋጋ፣ በግራ በኩል፣ ከጥግ ስቆጥር ሦስተኛው ጥርስ በመግል መሃል ቆሟል። በጣቴ ስነካው እንደ ላላ ምስማር ተንቀሳቀሰ። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"መፋቂያው የት አለ?" አልኩ። አባቴን ያለ መፋቂያ አላውቀውም፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ መፋቂያው ከንፈሩ ጥግ ላይ ነበር።

ታደለች በሩ ጀርባ ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት አየች።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሽታው ሲብስ፣ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ። "ከአባዬ የሚርቁ ነገሮች" ይላል። አንድ፣ መጋዝ። ሁለት፣ መሮ። ሦስት፣ ምስማር። አራት፣ ክብሪት። አምስት፣ ቢላ። ስድስት፣ መፋቂያ፤ በቅንፍ "ሊወጋው ይችላል"።

"ያልሽውን ነው ያደረግኩት" አለች ታደለች። "መፋቂያውን ስወስድበት ሦስት ቀን ፈልጎታል።"

በምን እንደሚተካ አልጻፍኩም ነበር።

አርብ ጠዋት፣ ከወይጦ ወደ ጂንካ

አባቴን ይዤ ወደ ጂንካ ጥርስ ሐኪም ከመነሣታችን በፊት አንድ ስህተት ጨመርኩ። ማለዳ ስልኬ ላይ ስለ ድድ ሕመምና ስለ መርሳት በሽታ አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩትንም ለታደለች ወዲያው አስረዳኋት። "ብግነት ይባላል። የታመመ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ሰውነት ሲዋጋ የሚያነደው እሳት ነው በይው። ሲቆይ ግን በደም ሄዶ አንጎልንም ሊነካ ይችላል ይላሉ።"

"ብግነት?" አለች። "መብገን ማለት ነው?"

"ከዚያው የመጣ ቃል ነው።"

"እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስበግን ማን ሐኪም ቤት ወሰደኝ?" አለች ሽንኩርቱን በኃይል እየከተፈች። ከዚያ ቢላውን አቆመች። "ድዱ ከዳነስ?"

"ምናልባት..."

"ምናልባት ምን?"

"ያውቀን ይሆናል።"

ታደለች ፊቷን አዞረች። ገብታ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ ወጣች፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ነጩን። ራሷ አለበሰችው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። "ሲያውቀን ደህና ለብሶ ይሁን" አለች። ያን ጊዜ የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው በወደድኩ ነበር።

ከኮንሶ በኩል በመጣ ሚኒባስ ውስጥ የኋላውን ወንበር ለሁለታችን ያዝኩ። አቀበቱን ስንጀምር አባቴ መስኮቱን ማንኳኳት ጀመረ። "ምስጥ ገብቷል! ሰው ይውጣ!"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና "አባባ፣ የኔ መኪና ብረት ነው! ምስጥ ጥርሱ ይሰበራል እንጂ አይበላውም!" አለ።

መኪናው በሙሉ ሳቀ። አባቴም ሳቁን ሰምቶ አብሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ደም የቀላቀለ ምራቅ በአገጩ ወርዶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ሳቁ ቆመ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋው። ፊት የተቀመጠች ነጋዴ ሻርፗን አውልቃ ወደ ኋላ አቀበለችኝና "አትመልሽልኝ" አለች። ቀይ አፈር ትናንት ገበያ እንዳልነበረበት ሁሉ ባዶ ነበር፤ የገበያው ሜዳ ላይ የፍየል በጠጥና የተረገጠ ጭቃ ብቻ ቀርቷል።

ጂንካ

የጥርስ ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። የአባቴን አፍ ለረጅም ጊዜ አየ።

"ጥርሶቻቸው ለምን ያህል ጊዜ ሳይጸዱ ቆዩ?"

"ሁለት ዓመት።"

"ለምን?"

"ዝርዝር ጽፌ" አልኩት። አልገባውም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አልቻልኩም።

ከዚያ ያሰብኩትን ጠየቅኩት፤ ብግነቱ ሲወገድ አእምሮው ይመለሳል ወይ? ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠ።

"ሁለቱ አብረው መታየታቸው እውነት ነው" አለኝ። "የቱ የቱን እንደሚጎትት ግን ገና አልለየለትም። የሚረሳ ሰው አፉን አያጸዳም፣ ድዱ ይታመማል። የታመመ ድድ ደግሞ ተዋሲያኑና ብግነቱ ለአንጎልም ሳይተርፍ አይቀርም የሚሉ አሉ። ምናልባት በሁለቱም በኩል ነው። አባትሽ ላይ የቱ እንደቀደመ እኔ ልነግርሽ አልችልም።"

"ሲታከምስ?"

"ሕመሙ ይቀላል። ይበላሉ። ኢንፌክሽኑ ያባባሰው መደናገር ካለ እሱም ይቀንስ ይሆናል። የጠፋው ትዝታ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።"

ሦስት ጥርስ መውጣት ነበረበት። ልክ አባቴ እንዳለው፤ ሦስተኛውና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ። ማደንዘዣ ተወጋ፤ ሕመሙን ቢያስታግሰውም ፍርሃቱን አላስታገሰውም። የሚያየው ነጭ የለበሰ ሰው መሣሪያ ይዞ ወደ ፊቱ ሲመጣ ነው። እኔ ራሱን ያዝኩ፣ ሁለት ሰዎች ክንዶቹን ያዙ። ይህን ያህል ጉልበት እንደቀረው አላውቅም ነበር። አፉ እየተከፈተ፣ ቃላቱ እየተጎራረዱ፣ "አታፍርሱት!" ብሎ ጮኸ። "አታፍርሱት! ሰው አለበት! ውስጡ ሰው አለ!"

ሐኪሙ እጁ ቆመ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ፤ መቀጠል ነበረበት። ጥርሶቹ ሳህኑ ላይ አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አብረን ነበርን። ሁለት ቀን አተኮሰው፤ ለታዘዘለት መርፌ ጠዋትና ማታ በባጃጅ አመላለስኩት። በሦስተኛው ቀን ላቡ ወጣ። በአራተኛው ቀዝቃዛ ሾርባ በማንኪያ ተቀበለ። በአምስተኛው ቀን ማንኳኳቱን እንደተወ ልብ አልኩ። አይጮህም፣ አይናከስም፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። በየጠዋቱ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የተነገረኝን አውቄ መጠበቅ ግን አልተውኩም።

"አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?"

በትሕትና አየኝ። "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። "የሰው ልጅ ነሽ።"

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

በሁለተኛው ቅዳሜ ይዤው ወረድኩ። ነጩን ሸሚዝ አጥቤዋለሁ፤ የደሙ ጥላ ግን አልለቀቀም። በመንገድ ላይ ማንንም አላስቸገረም። የወይጦን ሙቀት ሲያገኝ ዓይኑን ጨፈነ።

ታደለች የበቆሎ ገንፎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር አለስልሳ ጠበቀችን። አቀዝቅዛ አጎረሰችው፤ በለመደችው መሠረት እጇን ቶሎ ሳበች። አልነከሳትም። ዋጠና አፉን ደግሞ ከፈተ። ሳህኑ እስኪያልቅ አጎረሰችው።

"አወቀሽ?" አለችኝ ከዚያ።

"አላወቀኝም።"

"እኔንም 'እሜቴ ቆይ' ነው ያለኝ። ያው ነው ማለት ነው።"

"ያው አይደለም። አያመውም።"

ሳህኑን አነሣች። "እሱን ብቻ ብትነግሪኝ በበቃኝ ነበር" አለች። "ያውቀን ይሆናል ባትዪ።"

ይህን ያለ ቁጣ ነው የተናገረችው። እስካሁን የከበደኝም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በቁጥር ለመጻፍ ሞክሬ ተውኩት። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ አባቴ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። የቀሩት ቃላት የአናጢ ቃላት ናቸውና በእነሱ የት እንደሚያመው፣ ከየት እንደሚቆጠር፣ ቀጥሎ የቱ እንደሚሄድ ነግሮናል። እኛ ግን ምሰሶ ዘይት ቀባን፣ ጉድጓድ ቆፈርን። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው እንቢ ካለ፣ ከተናከሰ፣ ከጮኸ፣ አፉን ክፈቱና እዩ። ፍየል ገዢው የሚያውቀውን እኔ በዲግሪ አላወቅሁትም።

በሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት አውርጄ ቁጥር ስድስትን ሰረዝኩ። ከሥሩ በታደለች ቃል "ጠዋትና ማታ ድዱ ይታይ፣ ለስላሳ ብሩሽ" ብዬ ጻፍኩ። አፉን አልከፍት ሲል የሚሠራ ዘዴ ያገኘችው ራሷ ታደለች ናት። ጉንጩን በጣቷ ሁለቴ ታንኳኳለች። "ምስጥ ገብቶ እንደሆነ ልይ" ትለዋለች። እሱም ሥራውን እንደሚያስመረምር ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ወደ ጂንካ ከመመለሴ በፊት ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥን። መንጋጋውን አንኳኳ፣ አዳመጠ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ምሰሶ አንኳኳ። ዓይኑ ከምሰሶው ወደ ጣሪያው ወጣ፣ በማገሩ ላይ ሄደ፣ ጥግ ላይ ቆመ።

"ጥሩ እጅ ነው የሠራው" አለ። "የማን ቤት ነው?"

"የአናጢ ማርቆስ" አልኩት።

ለረጅም ጊዜ አሰበ። እንደገና መጠበቅ ጀመርኩ።

"አላውቀውም" አለ። "ሲመጣ ግን ቤቱ ደህና ነው በይው።"